መርዶው ሳይሄድ ጋዜጣው ደረሰ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሁለቱም ጋዜጦች ዛሬ መጡ። ሁለቱም ወንድሜን ገድለውታል፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጠላት።

ትክክለኛ ስማቸውን አልጽፍም። እኔና ኑሩ ከድሮም ስም አውጥተንላቸዋል። በወልድያ በኩል የሚመጣው «ቁጡ» ነው፤ ከፊት ገጹ እስከ ስፖርቱ ድረስ ሲቆጣ ይውላል። በአላማጣና በዋጃ በኩል የሚመጣው «አልቃሻ» ነው፤ የሽንኩርት ዋጋ እንኳ ሳያለቅስ አይጽፍም። የቁጡ አንባቢዎች ራያ የኛ ነው ይላሉ። የአልቃሻ አንባቢዎችም ራያ የኛ ነው ይላሉ። ራያን የጠየቃት የለም።

አያቴ ሰይድ እዚህ ቆቦ፣ ከመነኸሪያው ጀርባ፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር ጋዜጣ ያከራያል። እዚህ ጋዜጣ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። ገዝቶ ቤቱ ይዞ የሄደ ሰው መንደሩ ሁሉ «ኧሃ፣ ለካ የነሱ ነው» ይለዋል። ስለዚህ ሁሉም አንዲቷ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ፣ አጣጥፎ ይመልሳል። በክር ላይ ሁለቱ ጋዜጦች ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ ነፋስ ሲመጣ በጥፊ ይማታሉ።

ዛሬ ሰልፍ ነበር። ሰዉ ሁሉ ስለ ኑሩ ሊያነብ መጣ። አያቴ አንዱን ተቀብሎ ለሌላው ይሰጣል። የልጅ ልጁ ፎቶ ያለበትን ወረቀት ሲሰጥ ሰዎቹ ዓይኑን አያዩትም፤ «አላህ ይርሃመው» ብለው ይቀበሉና ማንበብ ይጀምራሉ።

ቁጡ፦ «ቆራጡ የቆቦ ወጣት ወደ ዋጃ ሲጓዝ በጠላት ተሳድዶ ወደቀ።» አልቃሻ፦ «ከዋጃዋ እናት የተወለደው ምስኪን ወጣት ኬላ ላይ ታግቶ ደሙ ፈስሶ አለቀ።» አንዱ ዕድሜውን አሥራ ዘጠኝ፣ ሌላው ሃያ አራት አድርጎታል። ተደራድረው መሀል ላይ ቢገናኙ እውነቱን ይነኩት ነበር። ደግሞ ቆራጥ! ኑሩ እኮ ሻይ በስኳር ይሁን ያለስኳር ለመወሰን ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ልጅ ነው።

ነበር።

ኑሩን የገደለችው ግመል ናት። ባለፈው ረቡዕ ገና ሳይነጋ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ዋጃ ሲሄድ ግመል አስፋልቱን አቋረጠች፤ እሷን ሲሸሽ ባጃጁ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። እዚያው ሞተ። አላሳደደውም ማንም፤ ኬላም አልደረሰም። ከኋላ የተቀመጠችው ባለሽንኩርቷ እትዬ ዘውዴ ክንዷ ተሰብሮ ተርፋለች፤ ግመሏን በዓይኗ ነው ያየቻት።

ግን አግዳሚው ላይ ግመል የሚቀበል የለም። ጋሽ ብርሃኑ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ የቁጡ ወዳጅ። እንዲህ አሉ፦ «እሺ ግመል ትሁን። ግመሏን ማን ላካት?» አያ ካህሳይ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንገድ ሥራ ግሬደር ሲነዱ የኖሩ፣ የዋጃ ተወላጅ፣ የአልቃሻ ወዳጅ ናቸው። እሳቸው ደግሞ፦ «ግመል ቢሆን ኖሮ ጋዜጣው ግመል ይል ነበር።» ሁለቱ ስንት ዘመን አብረው የተቀመጡ፣ መነጽር ተዋውሰው የሚያነቡ ሽማግሌዎች ናቸው። ዛሬ አንዱ ከአግዳሚው ወዲህ ጫፍ፣ አንዱ ወዲያ ጫፍ ነበሩ። አንዱ ቢነሳ ሌላው ይገለበጣል ብዬ እየጠበቅሁ ነበር። ከቀብሩ ቀን ማታ ጀምሮ እንዲህ ናቸው።

አያቴ ማንበብ አይችልም። ሁልጊዜ ማክሰኞ ማታ እኔ ነኝ የማነብለት። እየቀነስኩና እየጨመርኩ ስለማነብ ኑሩ «ዋና አዘጋጇ» ይለኝ ነበር። ዛሬም ጋዜጦቹን ይዞ መጣና ጉልበቴ ላይ አስቀመጣቸው።

«ምን ይላሉ?» አለኝ። አግዳሚው ላይ ሲጮህበት የዋለውን ሁሉ ሰምቷል እኮ።

«ኑሩ የሚባል ልጅ ግመል አድናለሁ ብሎ ሞተ ይላል» አልኩት። «ጎበዝ ነጂ ነበር፤ እህቱን ግን በጣም ያበሽቃት ነበር ይላል።»

«ሁለቱም እንደዚያ ይላሉ?»

«ሁለቱም።»

«እንግዲያው ተስማምተዋላ» አለና ዞር አለ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

እማዬ በሩን ትይዩ ነው የምትቀመጠው። ቦታ ቀይሪ፣ ነፋስ ነው ሲሏት እምቢ ትላለች።

እማዬ የዋጃ ልጅ ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ እዚሁ ቆቦ ከአማቷ ከአያቴ ሰይድ ጋር ቀረች፤ እናቷ፣ እኛ አዴ የምንላት፣ እና ወንድሟ አብደላ እዚያው ዋጃ ናቸው። ኑሩ ሽንኩርት ሲያደርስ አዴ ቤት ያድር ነበር። ይኸው ሳምንት ሞላው፤ ከዋጃ አንድ ሰው አልመጣም።

የዋጃ ለቀስተኛ ሲመጣ ሩቅ ይሰማል። ከአስፋልቱ ጀምሮ ወንዶቹ በሆታ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ነው የሚገቡት። ሚኒባስ ጥሩምባ ባሰማ ቁጥር እማዬ ከወገቧ ቀና ትላለች። ከዚያ የሰው ሚኒባስ ይሆናል። ከዚያ ቁልቁል ትመለሳለች። ዛሬ ስንት ጊዜ እንዳደረገችው አልቆጠርኩም፤ ብቆጥር ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

እትዬ ዘውዴ ክንዷን በሻሽ አንጠልጥላ መጣች። ሰው በመጣ ቁጥር እንደገና ትናገራለች፤ አሁንማ የግመሏን አካሄድ ጭምር ታሳያለች።

«እንዲህ አንገቷን ቀስራ! እንዲህ እየተንቀባረረች! ‹ኧረ ኑሩ!› አልኩት። ‹አይዞሽ እትዬ› አለኝ። ‹አይዞሽ› እንዳለ ቀረ፣ የኔ ጌታ።»

ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ወንዶቹ ግን ከድንኳኑ ውጪ ያልሰማን መስሏቸው፦ «ምስኪን፣ ደንግጣ ነው። ራሷን መታት መሰለኝ።» ወላሂ ግመሏ ራሷ መጥታ ብትመሰክር መታወቂያዋ የት ወረዳ እንደወጣ ይጠይቋታል።

ማታ እማዬ አያቴን ጠራችው። ድምጿ ቀስ ያለ ነው።

«አባ፣ ወደ ቤተሰቦቼ መርዶ የሄደው ማን ነው?»

«ብርሃኑ ነው» አለ አያቴ። «በቀብሩ ዕለት አደራ ብዬዋለሁ።»

ሐዘንተኛ ራሱ መርዶ አይሄድም። ባዕድ ሽማግሌ ነው የሚሄደው፤ በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። በስልክማ ነውር ነው። ያወቀ ጎረቤት ሁሉ ሽማግሌ እስኪመጣ ድረስ አፉን ይዘጋል። እኔ ይኼን ሁሉ የሽማግሌዎች ሥራ ፍለጋ ነው እያልኩ እቀልድ ነበር። አሁን አልቀልድም። ወይም ትንሽ ብቻ።

እማዬ «ጋሽ ብርሃኑ ሄደው ነው እናቴ የቀረችው?» አለች። እናቷ አውቃ ቀረች ማለት ነው፤ ለሷ እንዲህ ነው የገባት። 


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዛሬ መርማሪ ሆንኩ። ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ ለነገሩ ሐዘንተኛን ማንም አይቀጣም።

መጀመሪያ ጋሽ ብርሃኑ ቤት። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጺማቸውን እየተላጩ ነበር፤ ግማሽ ፊታቸው አረፋ።

«ጋሼ፣ ዋጃ መርዶ የሄዱ ዕለት አዴ ምን አለች?»

ምላጩ ቆመ። «እኔ?… እኔማ አልሄድኩም ልጄ። ካህሳይ ነው የሄደው። ወገኖቹ አይደሉ? ቋንቋውንስ የሚያውቀው እሱ አይደል? ለሱ ተውኩት።»

ከዚያ አያ ካህሳይ ጋ። ከፍየሎቻቸው ጋር ክርክር ላይ ነበሩ፤ ፍየሎቹ እያሸነፉ ነው።

«አያ፣ ዋጃ…»

ሳልጨርስ «አጆኺ ጓለይ፣ አጆኺ» ብለው ያጽናኑኝ ጀመር። ከዚያ ጥያቄዬ ገባቸው። «እኔ? አደራውን የተቀበለው እኮ ብርሃኑ ነው! ‹እኔ ነኝ የምናገረው› ብሎ ተነሳብኝ፤ እኔም ‹ሂድ እንግዲህ፣ የምትለውን በል› ብዬው ገባሁ።»

ቀስ በቀስ አወጣኋቸው። በቀብሩ ማታ አብረው ሊሄዱ ተነጋግረው ነበር። ማለዳ የሚሉትን ቃል ሲመካከሩ ተጣሉ። ኑሩ እንዴት ሞተ እንበል? ጋሽ ብርሃኑ «ተሳድዶ ነው፤ እንዲያውቁት ያስፈልጋል» አሉ። አያ ካህሳይ «‹ኬላ ላይ ነው› ነው የሚባለው፤ ያንተን ቃል ይዘን ዋጃ አንገባም» አሉ። ያኔ ገና ጋዜጣ አልወጣም፤ ወሬው ብቻ ነው የነበረው። ወሬና ጋዜጣ መቼም ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ጫማ ያደርጋል እንጂ። ሁለቱም ተቆጥተው ወደየቤታቸው ገቡ፤ ሁለቱም ሌላው ሄዷል ብለው አሰቡ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ እኛን «ኃላፊነት አይሰማችሁም» የሚሉን።

ማንም አልሄደም። አንድም ሰው።

ከዚህ የባሰው ገና ነበር። ከሰዓት የዋጃ ሚኒባስ ረዳት መጣና ራሱን ሳያነሳ ከአጎቴ አብደላ የተላከ ቃል ነገረን። ዋጃ ውስጥ ሰው ሁሉ ሰምቶ ኖሯል፤ የኛን ሽማግሌዎች እየጠበቀ ከአዴ ሲደብቅ ነበር። ማክሰኞ ዕለት አንድ ሱቅ ውስጥ ጋዜጣውን ጮክ ብለው ሲያነቡ አዴ ዘይት ልትገዛ ገብታ ቆማለች።

አጎቴ ያለው ይኸው ነው፦ «ዘመዱን በጋዜጣ የሚያረዳ ዘመድ አይባልም። እህቴን ግን ንገሯት፤ እናታችን እስካሁን አላለቀሰችም። ‹ሰው አልነገረኝም› ብላ እምቢ ብላለች።»

ረዳቱ ሲጨርስ አያቴ ምርኩዙን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ወንበር አጠገቡ ነበር።

ለእማዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሌላ የሚነግራት አልነበረም፤ ሁሉም ሽማግሌ ድንገት ሥራ አገኘ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «እናቴ ሳታለቅስለት ልጄ እንዴት ተቀበረ ይባላል?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዛሬ በኋላ በሩን አትጠብቅም። በሩን ስትጠብቅ ይሻለኝ ነበር።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ጠዋት ስልክ ተደወለ። የቁጡ ዘጋቢ ነኝ አለ። አዘነልኝ፣ አዘነልኝ፣ ከዚያ እናቴ ስታለቅስ ፎቶ እንድልክለት ጠየቀኝ፤ «ለታሪክ» አለ።

«እናቴ አልተመቻትም፤ የግመሏን ልላክልህ?» አልኩት።

ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የአልቃሻው ደወለ። ወላሂ አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። ለሱ ጭራሽ አልመለስኩለትም፤ የአያቴን በግ አስጮህኩለት። ኑሩ ቢኖር መሬት ላይ ይንከባለል ነበር። ለማን ልንገር ብዬ ዞር አልኩ።

ከጁምዓ በኋላ አያቴ ሁለቱን አስጠራቸው። አግዳሚው ጫፍና ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸው አንዱ ወደ መስጊዱ፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። ሁለቱም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ናቸው እኮ፤ አንዱ አውቆ ነው የዞረው። ከዳር የቅሬያችን ሰዎች ቆመው ነበር፤ ቀብር የሚያወጣው ማኅበራችን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት። የቅሬ ሰው ሬሳ ከሌለ ለመቀመጥ ያፍራል መሰለኝ፤ ሁሉም ቆሟል።

አያቴ ቁጡንም አልቃሻንም ከክሩ አወረዳቸው። አጣጠፋቸውና መቀመጫው ሥር አድርጎ ተቀመጠባቸው።

«ዛሬ ጋዜጣ የለም» አለ። «ወሬ ያለው በአፉ ያውራ።»

 አያቴ ቀጠለ፦ «ያ ልጅ ኑሮው እዚህም ነበር፣ እዚያም ነበር። ጠዋት ከኔ ጋር ይበላል፣ ማታ ከአዴ መዲና ጋር ይበላል። አሁን እኔ አልቅሻለሁ፤ እሷ አላለቀሰችም። ግማሹ ልጅ መሬት ላይ ቀርቷል። እኔ ካንተና ካንተ በቀር የምልከው የለኝም።»

ጋሽ ብርሃኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጉሮሮ ሲጠርጉ ንግግር ይረዝማል። «ጉዳዩ እኮ ሰይድ፣ ከሁኔታው ስፋት አንጻር ሲታይ…»

«የቱ ስፋት?» አሉ አያ ካህሳይ። «ከዚህ ዋጃ ነው።»

«አንተ ለማን ወግነህ እንደሆነ…»

«አንተስ?»

እዚህ ላይ እትዬ ዘውዴ ክንዷን እንዳንጠለጠለች ሰዉን ሰንጥቃ ገባች። «እኔ አጠገቡ ነበርኩ! ግመል ነው! ምነዋ፣ ሴት ስትናገር ጆሯችሁን ጉንፋን ይይዘዋል?» የቅሬው ሰዎች ሳቁ። ሐዘን ቤት ሳቅ ሲመጣ ሁሉም ይደነግጣል፤ ቶሎ ተመለሱ።

እኔ ሐሙስ ማታ ያሰብኩትን ያኔ ተናገርኩ። «እናንተ ቃል እስክትመርጡ አዴ ታረጃለች። እኔ ነገ ማለዳ በባጃጅ እሄድና እነግራታለሁ።»

 ልጃገረድ፣ ያውም እህቱ፣ መርዶ ይዛ! ቅሬው እንዲህ ያለ ጉድ ሰምቶ አያውቅም። አንዱ ሽማግሌ «አዑዙ ቢላህ» ሲል ሰማሁት። አያቴ ግን አልገሰጸኝም። ሁለቱን ነው የሚያየው።

አያ ካህሳይ ነበሩ መጀመሪያ አንገታቸውን የደፉት። «አብረን እንሄዳለን። ‹ኑሩ የለም› እንላለን። ሌላ አንጨምርም።»

«እንዴት ሞተ ብትለንስ?» አሉ ጋሽ ብርሃኑ።

 መልሱ ሳይገኝ ተበተኑ።

ማታ አያቴ «አብረሽ ሂጂ» አለኝ። «እንድትናገሪ አይደለም። መንገድ ላይ ተጣልተው እንዳይመለሱ ጠብቂያቸው።»


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ገና ጎሕ ሳይቀድ ወጣን። ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ቦታ አንድ ተኩል ሰው የሚይዝ መቀመጫ ብቻ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ በርበሬ ተጠቅጥቀው ተቀመጡ፤ የአንዱ ክርን የሌላው ጎን ውስጥ ነው፤ ይቅርታ ግን አይባባሉም።

የማሽላው ማሳ በሁለቱም በኩል ቀልቷል። ወፍ ጠባቂዎቹ ማማቸው ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያስጮሃሉ። ቦዩ ጋ ስንደርስ ሾፌሩ ሳይጠየቅ ቀስ አለ። መሬቱ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ጋሽ ብርሃኑ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አያ ካህሳይ በሌላኛው መስኮት ያዩ ነበር፤ ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ክርኑ ከጎን ሳይወጣ ጋሽ ብርሃኑም አብረው መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ማን ማንን እንዳንቀጠቀጠ አላውቅም።

ዋጃ ስንደርስ እኔን ከአዴ አጥር ውጪ፣ ቁልቋሉ ሥር አስቀሩኝ። እኔን ካየች ሳይነግሯት ያልቃል። በቁልቋሉ ክፍተት ግን ሁሉም ይታያል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ከኑሩ ጋር የምናውቀው ክፍተት ነው።

አዴ ደጇን እየጠረገች ነበር። የሐዘን ልብስ አልለበሰችም። አጎቴ አብደላ ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ሽማግሌዎቹን ሲያይ አንገቱን ብቻ ነቀነቀ።

«እንቋዕ ብደሓን መጻእኩም» ብላ ተቀበለቻቸው አዴ። ራሷ ዱካ አወጣች። ሁለቱን አስቀመጠች። ውኃ ሰጠቻቸው። 

«ቆቦ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አሉ ሁለቱም፤ በአንድ ላይ።

«ኑሩ ጠፋብኝ። ሽንኩርቱን ሲያደርስ ያድርልኝ ነበር።»

አጎቴ ፊቱን አዞረ። እኔ ቁልቋሉን ይዤው ነበር ለካ፤ እሾሁ የገባው ማታ ነው የተሰማኝ።

ጋሽ ብርሃኑ ተነሱ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ያስተማሩ ሰውዬ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ በድምፃቸው ቀጥ የሚያደርጉ፣ «እንግዲህ አዴ መዲና፣ የሰው ልጅ…» ብለው አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። አያ ካህሳይ ጎትተው አስቀመጧቸውና እሳቸው በትግርኛ ጀመሩ። ሁለት ቃል ተናግረው እሳቸውም ቆሙ። ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ዱካ ላይ፣ አንድ ቃል የላቸውም። ከአጥሩ ውጪ ሆኜ «በሉ እንጂ!» ልል ነበር።

አዴ መጥረጊያውን አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። ሊነገራት የተዘጋጀ ሰው ነው የሚመስለው።

«በሉ ንገሩኝ» አለች ቀስ ብላ። «እንድትነግሩኝ ነው የቆየሁት።»

«ኑሩ የለም» አሉ ጋሽ ብርሃኑ።

«ኑሩ የለም» አሉ አያ ካህሳይ።

አላለቀሰችም። «ማን ገደለው?» አለች።

ይኼው መጣ። ትናንት ያልተመለሰው ጥያቄ። ሁለቱ ተያዩ። ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አጎቴ አብደላ ከበሩ ጋ ወደፊት አንድ እርምጃ መጣ። ጋሽ ብርሃኑ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁ፤ ያ የጋዜጣ ቃል ሊወጣ ነው ብዬ ፈራሁ። ሊናገሩ የነበረውን ዋጡት።

«ግመል» አሉ አያ ካህሳይ።

«ግመል ነው፣ አዴ» አሉ ጋሽ ብርሃኑ። «መንገድ አቋርጣ፣ እሷን ሲሸሽ። ማንም አልነካውም። እትዬ ዘውዴ አይታለች። እኛ ነን ያላመንናት።»

 አዴ ቀና አለች።

«ግመሊቱስ ተረፈች?»

ማንም አያውቅም። ሁለት ጋዜጣ፣ አንድ ቅሬ፣ አንድ አግዳሚ ሙሉ ሽማግሌ፣ እኔም ጭምር፣ ይኼን የጠየቀ የለም። አያ ካህሳይ «ሳትተርፍ አትቀርም፣ አዴ» አሉ።

«እንኳን» አለች። «ልጄ ያዳናት ናት።»

ከዚያ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ፤ ለካ ሁሉም በየበሩ ቆሞ እየጠበቀ ነበር። እኔ በአጥሩ በር ሳልዞር በቁልቋሉ መሀል ነው የገባሁት።


እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ የዋጃ ሰዎች መጡ።

ከአስፋልቱ ጀምሮ ተሰማ። እማዬ መጀመሪያ አላመነችም፤ ሌላ ሰው ቤት ነው አለች። ከዚያ የእናቷን ድምፅ ለየች። ጫማ ሳታደርግ ሮጠች። አስፋልቱ መሀል ላይ ተገናኙና ሁለቱም ተቀመጡ፤ አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቃቸው። ሾፌሩ ወርዶ ራሱ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ አወለቀ። ማን እንደሞተ እንኳ አያውቅም።

አዴ ቀኑን ሙሉ እየደጋገመች ስለ ኑሩ ትጠይቀኛለች። ያን ጠዋት ምን በላ? ምን ለብሶ ነበር? አስቀይመሽው ነበር ወይ? ስኳር እንደቀማሁት ነገርኳት። ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። እኔም ሁለቱን መለየት አቃተኝ። እማዬ በአዴ ጭን ላይ ተኝታ አንቀላፋች፤ ከቀብሩ ወዲህ ስትተኛ ያየኋት ዛሬ ነው።

ሁሉም ግን አልታረቀም። አጎቴ አብደላ ከድንኳኑ ውጪ ቆሞ ዋለ። ሐዘን ቤት መጥቶ እህል አለመቅመስ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ብርሃኑ ራሳቸው ማስታጠቢያና ውኃ ይዘው ወጡለት። መምህሩ፣ ለተማሪያቸው ዕድሜ ሰው! አጎቴ «አልራበኝም» ብሎ ፊቱን አዞረ። ጋሽ ብርሃኑ ውኃውን ይዘው ተመለሱ። ምንም አልቀለድኩባቸውም።

አያ ካህሳይ ደግሞ «ስለ ጋዜጣው ነገ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ለሁለቱም» ይላሉ። ጋሽ ብርሃኑ «መጀመሪያ ለነሱ ነው የሚጻፈው» ይላሉ፤ የትኛው «ነሱ» እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ምናልባት ነገ ሌላ ጠብ ይሆናል። የፊታችን ማክሰኞ ጋዜጦቹ እንደገና ይመጣሉ፤ ስለኛ ደግመው ይጻፉ አይጻፉ አላውቅም። አያቴ ያከራይ አያከራይ አልተናገረም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እኔ ወጣሁ። አጎቴ እዚያው ውጪ አንድ ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማስታጠቢያውንና ውኃውን ፊቱ አስቀመጥኩ። ብዙ የምናገረው አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። «አጎቴ፣ ውኃው ይቀዘቅዛል» አልኩት። ሞኝ ነገር ነው፤ ውኃው መጀመሪያውኑ ቀዝቃዛ ነበር።

አየኝ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ።